በዝዋይ ዳርቻ ያየነው ባለጥቁር ራስ ወፍ

በመጋቢት ወር ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ስንደርስ፣ በሚግጡት ከብቶች እግር ስር ጅራታቸውን ሽቅብ ቁልቁል የሚያወዛውዙ፣ ሆዳቸው ቢጫ የሆነ ትናንሽ ወፎች ይሯሯጡ ነበር። ከብቱ ከሣሩ የሚያስነሳውን ዝንብ ሊለቅሙ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ እንግዶች ናቸው።

ከመካከላቸው አንዱ ግን ራሱ ጥቁር ነው። ከስካንዲኔቪያ የሚመጣው ዘመዱም ጠቆር ስለሚል ከሩቅ አይቶ መፍረድ አይቻልም። የዚያኛው አናት ጥቁር ግራጫ ሆኖ ጥቁረቱ የሚበረታው ጉንጩ ላይ ነው። ወፉ ሳይበር ይህን መለየት ነበረብን። ረግረጉ ላይ በሆዳችን ተኝተን (የልብሱ እጥበት ሌላ ጣጣ ነው) ላሚቱ እስክትቀርብ ጠበቅን። ወፉም ተከትሏት መጣ። ከምንቃሩ እስከ ማጅራቱ አንድ ወጥ፣ የሚያብለጨልጭ ጥቁር! ከዓይኑ በላይ ነጭ መስመር የለውም። ከባልካን እስከ መካከለኛው እስያ የሚራባው ዓይነት ነው። ወሩም አግዞናል፤ በኅዳር ቢሆን ላባውን ገና ስላልቀየረ እንዲህ አይጠቁርም ነበር።

እረኛው ልጅ ሁኔታችን አስገርሞት፣ «እነዚህማ ሁልጊዜ ከከብቶቼ ጋር ናቸው፤ ክረምት ሲገባ ብቻ ይጠፋሉ» አለን።