የጀማሪው መምህር ሁለት ዓመት

ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ፣ መስከረም ሲጠባ አዲስ ተመዳቢ መምህራንን መለየት አያስቸግርም። የምደባ ደብዳቤያቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፍራሽና ባልዲያቸውን አውቶቡስ ላይ አስጭነው ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያመራሉ። ከዚያ በተመደቡበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ፔሬዳቸውን ይደለድላል፤ ስም ጠሪ የሚሆኑበትን ክፍል ይነግራቸዋል፤ መጽሐፍ ከተገኘም ይሰጣቸዋል። በማግስቱ ጠመኔ ይዘው ይገባሉ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ውስጥ የሚሆነውን ከእነሱና ከተማሪዎቹ በቀር የሚያይ የለም።

በወረቀት ላይ ግን ብቻቸውን አልተተዉም። ትምህርት ሚኒስቴር በ2002 ዓ.ም. ያወጣው የተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ፣ መምህራን አሳጥረው «ተሙማ» የሚሉት፣ ጀማሪ መምህር ሁለት ዓመት በሙያ ትውውቅ እንዲያልፍና ልምድ ያለው ሜንተር እንዲመደብለት ያዝዛል። ነባሩም በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው ማሻሻያ ማዋል አለበት። ሐሳቡ ሸጋ ነው። የሚበላሸው ፖርትፎሊዮ በሚባለው የሰነድ ማኅደር ውስጥ ሲገባ ነው። ዕቅዱ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ሱፐርቫይዘር በሚመጣበት ሰሞን አቧራው ይራገፋል። ሜንተሩ ግን ጀማሪው ሲያስተምር አንድም ቀን ቁጭ ብሎ ሳያይ ሁለቱ ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

እንበልና አንዲት ጀማሪ የሒሳብ መምህርት ክፍልፋይ መደመር እያስተማረች ነው። ሰሌዳውን ሞልታ ትዞርና «ገባችሁ?» ትላለች። «አዎ ቲቸር!» ይላል ክፍሉ በአንድ ድምፅ። አንድ ሁለተኛንና አንድ ሦስተኛን ደምሩ ብትላቸው ግን ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምረው ሁለት አምስተኛ የሚሉት ጥቂት አይሆኑም። ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ይህን አያየውም። ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጎረቤቱን ልጅ ደብተር የሚያየው ሜንተር ግን በአምስት ደቂቃ ይደርስበታል። ሲወጡ የሚነግራትም አጭር ነው፦ «ነገ ‹ገባችሁ?› አትበዪ። አንድ ጥያቄ ስጪያቸውና በየመደዳው እየዞርሽ ደብተራቸውን እዪ።» ጀማሪዋን የሚለውጣት ይህ ነው እንጂ «የተማሪ ተሳትፎን ማሳደግ» የሚል የፖርትፎሊዮ ርእስ አይደለም።

ነገሩን የሚያስገርመው መምህርን እያሠሩ ማብሰል በኖረበት አገር መሆኑ ነው። ከብቸና ብዙም ሳይርቅ በአብነት ትምህርት ስሙ የገነነው ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ሀዲስ ዓለማየሁ በልብ ወለዳቸው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ገጸ ባሕርያቸውን በዛብህን ያስተማሩት በዚሁ ደብር ነው፤ ኋላም የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ያደርጉታል። የአብነት ትምህርት ቤት መምህርን አስመርቆ አያሰናብትም፤ በጥቂት በጥቂቱ ያሠራዋል። ፊደል የለየ ልጅ ላልለየው ያስቆጥራል። ቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲወጣ፣ የቆጠረውን ቅኔ ሁሉ መምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል፤ የጎደለው እዚያው ይታረምለታል፤ ባልንጀሮቹም እርማቱን ይሰማሉ። የበሰለው አስነጋሪ ሆኖ ከመምህሩ ሥር ጀማሪዎችን ያስተምራል። ለብቻው ወንበር ሲተክል ማስተማርን አዲስ አይጀምረውም።

ያንን የአብነት ትምህርት ዘመን ማሞካሸት ግን ቀላል ነው። አለንጋው ነበረ፤ ረኀቡ ነበረ፤ መሐል ላይ የቀሩትን የቆጠረ የለም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ ሰው እስኪበስል ዐሥር ዓመት አይጠብቅም፤ ልጆቹ ዛሬ ተመዝግበዋል። ከዚያ ሊወሰድ የሚገባው ስልቱ ብቻ ነው፦ የተሠራውን ሥራ ሌላው እየሰማ ማረም። ጃፓኖች ከመቶ ዓመት በላይ የያዙት ልማድ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። አንድን ትምህርት መምህራን አብረው ያቅዳሉ፤ አንዱ ያስተምረዋል፤ ሌሎቹ ክፍሉ ውስጥ ቆመው ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ይወያዩበታል። በውይይቱም የሚመዘነው በጋራ የታቀደው ትምህርት ነው። እኛ ዘንድ «ክፍል ምልከታ» ሲባል ጀማሪው የሚደነግጠው ነጥብ ሊሰጠው እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው።

የመምህሩን እጅ ያሰረ ዘመንም አልፏል። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሲገባላቸው ትምህርቱን የሚሰጠው ስክሪኑ ሆነ፤ ለመምህሩ ፊትና ኋላ ጥቂት ደቂቃዎች ተረፉለት። በዚያ ሰሞን ሥራ የጀመረ መምህር ማስረዳትን የሚለማመድበት ሰዓት ከየት ያመጣ ነበር?

አሁን ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ክፍሎቹ በተከፈቱበት ቦታ አዲሱ መምህር የሚገጥሙት ልጆች የዓመታት ትምህርት ያመለጣቸው ናቸው፤ መጽሐፉ የሚጀምርበትና ልጆቹ የቆሙበት ቦታ አይገናኝም። ይህን ለነባሩም የሚከብድ ሥራ ጀማሪው ብቻውን እንዲወጣው ይጠበቃል።

ለሜንተርነት ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሰዓት ነው። የፔሬድ ድልድል ሲወጣ የጀማሪውና የሜንተሩ ትምህርት በአንድ ሰዓት ላይ ከተጋጠመ፣ አንዱ ሌላውን የሚያይበት ዕድል ዓመቱን ሙሉ ተዘጋ ማለት ነው። ድልድሉን የሚያወጣው ሰው በሳምንት አንዲት ፔሬድ ለሜንተሩ ባዶ ቢያደርግለት፣ ሜንተሩ ያቺን ሰዓት ጀማሪው በሚያስተምርበት ክፍል ውስጥ ያሳልፋታል፤ ሌላ አንዲት ደግሞ ለሁለቱም ክፍት ብትሆን ስላዩት ይነጋገሩባታል። ይህን ለማድረግ የሚኒስቴሩን መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ድልድሉ የሚሠራው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ነው።