አልጋው ዳር የቆሙ እናቶች

ቴፒ ቆላ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,200 ሜትር ብዙም አትርቅም። ቡናዋም ከደጋው ቀድሞ ይቀላል። በ1970ዎቹ ማብቂያ፣ የብዙዎቻችን ጓዳ በመንግሥት ቡና እርሻው ይሞላ በነበረበት ዘመን፣ መስከረም ሲጠባ ከተማዋ በእንግዳ ትጥለቀለቅ ነበር። ከከምባታ፣ ከዳውሮ፣ ከወላይታ ለለቀማ የመጣው ሰው በየበረንዳው ያድራል። ሸኮው፣ ሸካቾው፣ ከፋው፣ በ1977ቱ ሰፈራ ከወሎ የመጣውም ገበሬ በአንድ ገበያ ይገፋፋል። እንዴት ደስ ይል ነበር!

ያኔ ሥራ ሁሉ ባለቤቱ ይታወቃል። ትራክተር ነጂው፣ መካኒኩ፣ ሚዛን ያዡ፣ ካቦው ወንድ ነው፤ ጆንያ ተሸካሚውም ወንድ። ቢሮ ውስጥ ታይፕ የምትመታው ሴት ናት። ለቀማው የሁሉም ነው፤ ልጅ አዋቂ ሳይል ቅርጫቱን ወገቡ ላይ አስሮ ከዋንዛውና ከቢርቢራው ጥላ ሥር ይገባል። የማድረቂያው አልጋ ግን የሴቶች ነበር።

እሸቱ ተፈልፍሎ፣ በገንዳ ቦክቶ፣ ታጥቦ ሲያበቃ በሽቦ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ቆመው ያገላብጡታል፤ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ሳይፈለፈል ያመለጠውን እየነቀሱ ይጥላሉ። ቀትር ላይ ፀሐይ ገለባውን እንዳትሰነጥቀው ይሸፍኑታል። የቴፒ ዝናብ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ ደመናው ሲጠቁር አንዷ ትጮኻለች፣ ሁሉም ሩጫ ነው፤ ቡናው ሳይረጥብ እነሱ በስብሰው ይቀራሉ። ከዚያ ሳቁ! ዘፈኑ! አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ዘፈኑ ከአልጋ ወደ አልጋ ይሻገራል።

አክስቴ ከእነሱ አንዷ ነበረች። አንዲት ፍሬ አንስታ በጥርሷ ትነክስና «ገና ናት» ትላለች። ካቦው ይሰማታል፤ ቡናው አንድ ቀን ይጨመርለታል። ስትነክስ ጠንከር ካለች «በቃ፣ ይነሣ» ትላለች፣ ይነሣል። ያን ሁሉ ቡና በጥርሷ የምትመዝን ሴት መዝገቡ ላይ ቀን ሠራተኛ ነበረች፤ እስከ መጨረሻውም ቀን ሠራተኛ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ማታ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጠብቃቸዋል። መዠንግሮች ከጫካ ቀፎ ቆርጠው ባመጡት ማር ጠጅ የሚጥሉት፣ ለለቃሚው እንጀራ የሚጋግሩት፣ ኮረሪማና እርድ አድርቀው ገበያ የሚያወጡት እነዚያው ናቸው። በ1987 የሕዝብ ቆጠራው ሲደርስ ጠጅ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ምጣዷ ላይ እንደተጣደች ባሏ ደጅ ቆሞ መለሰላት፦ «የቤት እመቤት።» ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ መሆኗን ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር፤ ባሏም ጭምር።

ዛሬ ዘመኑ ሌላ ነው። ከ1999 ወዲህ ሚዛንና ቴፒ ዩኒቨርሲቲ አላቸው፤ የእነዚያ ሴቶች የልጅ ልጆች ነጭ ጋውን ለብሰው ቤተ ሙከራ ሲገቡ አይቼ ተደስቻለሁ፤ ከልቤ። የቡናውን እርጥበት አሁን መሣሪያ ይለካዋል። ጥሩ ነው። አክስቴን ግን ያን ጥርስ ያስተማራት ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም፤ ስንት ወቅት ፈጀባት፣ ለየትኛዋ ልጅስ አስተላለፈችው? የደመወዝ ቀን ስትመጣ የሁላችንንም ደብተር ገዝታ ትገባ ነበር፤ የእሷ ልጆችም እኛም በዚያ ደብተር ነው የተማርነው።