ቀጭኗ ላፕቶፕና የአሥር ሌሊት ሥራ

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያዎች አዘገጃጀት፣ ስለ መኝታ ቤት ንጽሕና፣ ስለ መረብ ኳስ ውድድርም ብዙ ተጽፏል። ስለ መጫወቻ ኮምፒዩተር የጻፈ ሠልጣኝ ግን እስካሁን አላየሁም። «ለመምህርነት የሚሠለጥን ሰው ጌም ምን ያደርግለታል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ብዕሬን ያነሣሁትም ለዚሁ ጠያቂ ጭምር ነው። ጽሑፌ ረዘም ስለሚል፣ ቆማችሁ የምታነቡ ሁሉ እግር እየቀያየራችሁ ታገሡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክረምቱ ዕረፍት የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ መጥቶ ነበር። ገጠር ያሉ ዘመዶቻችንን ሊጠይቅ ሲሄድ «መንገድ ላይ እንዳትሰበርብኝ» ብሎ ላፕቶፑን ለሦስት ሳምንት እኔ ዘንድ አስቀመጠ። «እንደ ልብህ ተጫወትባት» ማለቱንም ልብ በሉልኝ። እሱ ከተመለሰ በኋላ አክስቴ ደወለችና «ለጥምቀት ስመጣ ለትምህርትህ የሚሆን ኮምፒዩተር ይዤልህ ልምጣ፤ እንደ ልጄ ያለውን ነው ወይስ ሌላ? አንተው ምረጥ» አለችኝ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የጨዋታ ወሬ ብቻ አይደለም። ለአክስቴ የምሰጠው መልስ የተብላላበት ነው።

ዕቃዋ አሱስ ሮግ ዜፊረስ ጂ14 ትባላለች። አሱስ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመ የታይዋን ኩባንያ ሲሆን፣ «ዜፊረስ» ደግሞ በጥንት ግሪኮች ዘንድ የምዕራብ ነፋስ ስም ነበር። ይህችኛዋ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣችው ናት። ክብደቷ 1.6 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ሁለት ኪሎ ስኳር አትሞላም ማለት ነው። ውፍረቷም 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከደብተሮች መካከል ብትገባ ቦርሳው አያብጥም። ይህን የምለው በአድናቆት ነው፤ ምክንያቱም የጌም ላፕቶፕ የሚባለው ዘር ድሮ እንዲህ አልነበረም። ኤሰር የተባለው ሌላው የታይዋን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳየው ፕሬደተር 21 ኤክስ ከ8 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። እንዲህ ያለውን ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ከማለት ተሸካሚ የሚፈልግ ኮምፒዩተር ማለት ይቀላል።

ታዲያ በአራት ዓመት ውስጥ ከ8 ኪሎ ወደ 1.6 ኪሎ እንዴት ተወረደ? እርግጥ ሁለቱ እኩል ጉልበት የላቸውም። ቢሆንም ምሥጢሩ በፊዚክስ ትምህርታችን ውስጥ ያለ ነው። አንድ የኮምፒዩተር ቺፕ በፍጥነት እንዲሠራ ሲፈለግ ቮልቴጁም ከፍ ይደረጋል። የሚበላው ኃይል ደግሞ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር አብሮ ያድጋል። ስለሆነም የመጨረሻዋ ጥቂት ፍጥነት እጅግ ውድ ናት። ዳገት ላይ ፈጠን ብሎ የሚራመድና እስከ መጨረሻው አቅሙ የሚሮጥ ሰው ከላይ ሲደርሱ የሚለያዩት በደቂቃዎች ነው፤ ሯጩ ግን ላብ በላብ ሆኖ ትንፋሹ ተቆርጧል። መሐንዲሶቹም «አንሩጥ፣ ፈጠን ብለን እንራመድ» አሉ። ኤንቪዲያ የተባለው የግራፊክስ ካርድ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን አሠራር «ማክስ-ኪው» ብሎ ሰየመው። ስሙም ከሮኬት ሳይንስ የተዋሰ ነው፤ ሮኬት ወደ ላይ ሲወጣ የአየሩ ግፊት እጅግ የሚበረታባትን ነጥብ ያመለክታል። የሮኬት ነጂዎች እዚያች ነጥብ አካባቢ ሞተሩን ረገብ እንደሚያደርጉ ሁሉ ካርዱም ረገብ ይላል ማለታቸው ይመስለኛል።

በጂ14 ውስጥ ያለው ካርድ አርቲኤክስ 2060 ማክስ-ኪው ሲሆን 65 ዋት ገደማ ይበላል። ዋናው ቺፕ ኤኤምዲ የሠራው ራይዘን 9 4900ኤችኤስ ነው፤ ስምንት ኮር አለው፤ የተመደበለት ኃይል 35 ዋት ነው። ከዚህ ሌላ ክዳኑ ሲከፈት ማጠፊያው የላፕቶፕዋን ጀርባ ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ ስለሚያደርገው ከሥር አየር ይገባል። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ እናቶቻችን ምጣዱን በጉልቻ ከፍ የሚያደርጉት ከሥሩ እሳትና አየር እንዲያገኝ አይደል እንዴ?

አሁን ወደ ጨዋታው። መጀመሪያ የእግር ኳስ ጨዋታ ጀመርኩ። የሰፈር ልጆች ወሬውን ሰምተው ቤቱን ሞሉት፤ ሁለት ሁለት እየሆንን ተሸናፊ እየተነሣ ስንጫወት እናቴ «የቡና ዕቃዬን እንዳትሰብሩ» እያለች ዳር ቆማ ታይ ነበር። ማያዋ በሴኮንድ 120 ጊዜ ሥዕል ትቀይራለች። ተራው የኮምፒዩተር ማያ ብዙውን ጊዜ 60፣ ሲኒማ ደግሞ 24 ነው። ልዩነቱን በቃል ማስረዳት ያስቸግራል፤ ብቻ ኳሷ ከእግር ስትለይ ዓይን ይከተላታል።

ማታ ማታ ብቻዬን ስሆን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣውን ዘ ዊቸር 3 የተባለውን ጨዋታ እጫወት ነበር። ሲዲ ፕሮጀክት ሬድ የተባለ የፖላንድ ድርጅት የሠራው ሲሆን፣ ታሪኩ የተነሣው አንጄይ ሳፕኮቭስኪ ከተባሉ ፖላንዳዊ ደራሲ መጻሕፍት ነው። እዚያ ውስጥ ነፋስ ሲነፍስ ዛፉ ይጎነበሳል፤ ዝናብ ሲመጣ መንገዱ ያብለጨልጫል። ውጊያውን ትቼ ፈረሴ ላይ ሆኜ አገሩን ብቻ ስዞር ያደርኩበት ሌሊት አለ። የሌላ ሕዝብ ተረት በገንዘብና በሙያ ተደግፎ በዓለም ሲዞር አይቼ፣ አያቴ የነገረችኝን ሁሉ አስታወስኩ። እሱን ማን ይሠራው ይሆን?

አንድ መምህራችን ይህን ብነግራቸው «ጊዜ ማባከኛ ነው» አሉኝ። መምህራችንን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ገበጣ ላይ ጠጠር ሲቆጥር መደመርና መቀነስ የለመደ ልጅ ስንት ነው? ሕፃን በጨዋታ ይማራል ብለው ያስተማሩን እኮ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ጨዋታ ጊዜ የሚያባክነው ማቆሚያው ሲጠፋ ነው፤ ያ ደግሞ በካርታም፣ በወሬም ይደርሳል።

ሆኖም ምርመራዬን በሙገሳ ብቻ አልጨርስም። ጉድለቶቿን በሦስት ከፍዬ ላቅርብ።

አንደኛ፣ የ2020ዋ ጂ14 ካሜራ የላትም። ቀጭን ጠርዝ ለማግኘት ሲባል ቀርቷል። ዘመዱ ሁሉ በውጭ አገር ላለበት ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣችው ግን ካሜራ ተጨምሮላታል።

ሁለተኛ፣ የራሟ ገሚሱ ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ነው፤ አንዲት መቀየሪያ ቦታ ብቻ ቀርታለች። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣችው ደግሞ 1.5 ኪሎ ደርሳ ይበልጥ ስትቀጥን ያቺም አንዲት ቦታ ጠፍታለች፤ ራሙ ሁሉ የተበየደ ሆኗል። ቅጥነት ዋጋ አለው። እንደኛ አንድ ዕቃ ገዝቶ ዓመታት እየጠገነ ለሚኖር ሰው፣ የሚፈታ ብሎን ከሚያምር ጠርዝ ይበልጣል።

ሦስተኛውና ዋናው የኤሌክትሪክ ነገር ነው። እስቲ አብረን እናስላ። የባትሪዋ አቅም 76 ዋት-ሰዓት ነው። ጨዋታ ላይ ቺፑ 35፣ ካርዱ 65 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 100 ዋት ይሆናል፤ ማያውንና ማራገቢያውን ሳንቆጥር። 76 ለ100 ሲካፈል አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በባትሪ ስትሆን ኃይሏን ቀንሳ ዕድሜዋን ታራዝማለች፤ ያን ጊዜ ግን ጨዋታውም አብሮ ይደክማል። በአንጻሩ ጽሑፍ ስንጽፍባት 10 ዋት ትበላለች ብንል 76 ለ10፣ ከሰባት ሰዓት ተኩል በላይ ታሠራለች። እንግዲህ «ተንቀሳቃሽ የጌም ላፕቶፕ» ማለት ከሶኬት ወደ ሶኬት የምትንቀሳቀስ ማለት ነው። ይህ ነቀፌታ ለጂ14 ብቻ አይደለም፤ ለዘሩ ሁሉ ነው። ሙቀትም እንደዚሁ፤ 100 ዋት የገባበት ዕቃ 100 ዋት ሙቀት ማውጣቱ አይቀርም። በቀጭን ሣጥን ውስጥ ሲሆን ትንንሾቹ ማራገቢያዎች በጣም መሽከርከር ስላለባቸው ይጮኻሉ። እኩለ ሌሊት ላይ ስምንት ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያቅታችሁም።

ቻርጀሯ 180 ዋት ነው። ስንመረቅ የምንመደበው የት እንደሆነ ማን ያውቃል? የሶላር ፓኔል ብቻ ያለው ገጠር ትምህርት ቤት ቢደርሰኝ፣ አንድ ቻርጀር ባለ 5 ዋት አምፖል 36 ያበራል። ሠላሳ ስድስት አምፖል! ልጆች በጨለማ እያጠኑ መምህሩ ፈረስ ሲጋልብ ይታያችሁ። ለቀላል ሥራ በትንሹ የዩኤስቢ-ሲ ቻርጀርም መሙላት እንደምትችል አልክድም፤ ነገር ግን ለቀላል ሥራ ከሆነ ያ ሁሉ የግራፊክስ ካርድ ምን ሊሠራ መጣ?

አሁን ደግሞ ወደ ገንዘቡ። ይህችው ላፕቶፕ አዲስ ሳለች በአሜሪካ ሱቅ 1,449 ዶላር ነበረች። አክስቴ ሽማግሌዎች በሚጦሩበት ቤት የሌሊት ተረኛ ናት። ደመወዟን ጠይቄያት አላውቅም፤ ነውር ነው። ለስሌት ያህል በሰዓት 18 ዶላር ብንል፣ 1,449 ለ18 ሲካፈል ከ80 ሰዓት በላይ ይሆናል። ስምንት ሰዓት የሚፈጅ ሌሊት አሥር ማለት ነው፤ ያውም ግብሩ፣ የቤት ኪራዩና የአውቶቡሱ ሳይነሣ። አሥር ሌሊት ሙሉ የሰው እናትና አባት እያገላበጠች፣ እያጠበች፣ ጎኗን ሳታሳርፍ ማለት ነው። ይህን ቁጥር ከጻፍኩ በኋላ ማያዋ በሴኮንድ 120 ጊዜ መቀየሯ ያን ያህል አላስደነቀኝም።

ለመምህርነት የሚያስፈልገኝንም ዘረዘርኩ። የትምህርት ዕቅድ በአማርኛ መጻፊያ፣ ከፕሮጀክተር ጋር መገናኛ፣ ቢቻል የሳይንስ ሙከራ ማሳያ። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመሩት ፌት የተባለ የሙከራ ማሳያ ስብስብ አለ፤ የኤሌክትሪክ ዑደቱም፣ ፔንዱለሙም ይገኝበታል፤ በነፃ ነው። ይህን ለማሠራት ራሱን የቻለ የግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም። ተራ ላፕቶፕ ይበቃል።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ጂ14 ጥሩ ዕቃ ናት። መብራት የማይጠፋበት ቤት ያለው፣ ቀን ሥራ ወይም ትምህርት ቤት ይዟት ሄዶ ማታ ሊጫወት የሚፈልግ፣ በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ቢገዛት አይቆጭም። ለእኔና ለብዙዎቻችን ግን በዚህ ዓመት አትሆንም። ከእናንተ መካከል ከውጭ ላፕቶፕ የሚመጣለት ቢኖር፣ ስለ ካርዱ ስም ከመጠየቁ በፊት የባትሪውን ዋት-ሰዓት፣ የቻርጀሩን ዋት፣ ካሜራ መኖሩንና ራሙ መቀየር አለመቀየሩን ይጠይቅ። አራቱ በቂ ናቸው።

ለአክስቴ ትናንት መልእክት ላክሁላት። «እትዬ፣ ተራዋ ትበቃኛለች፤ ባትሪዋ የሚቆይና ራሟ የሚቀየር ትሁን። ያገለገለችም ብትሆን ግድ የለም» አልኳት። ልልክ ስል ግን «ለትምህርቴ» የሚለው ቃል ብቻውን ሆኖ ከበደኝ። እሷ ስትለፋ እኔ ግማሹን እውነት መንገር የለብኝም። ስለዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ «አንዳንድ ማታም ኳስ እጫወትባታለሁ።» መልሷ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ «ልጄ፣ እንግዲህ ስመጣ እኔንም አጫውተኝ» ይላል።