የመድረክ ሰውና ቤተ ሰቡ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከእርሻም፥ ከንግድም፥ ከመንግሥት ሥራም አንዱን ይዞ ይተዳደራል። ገበሬው የድካሙን ፍሬ በጎተራው ያያል፤ ነጋዴው ትርፉን በሣጥኑ ይቈጥራል፤ ጸሓፊውም መዝገቡን በመደርደሪያ ያኖራል። የመድረክ ሰው ግን ሥራው መጋረጃው በተዘጋ ጊዜ አብሮ ስለሚያልፍ፥ ይህን ሠራሁ ብሎ በእጁ ጨብጦ የሚያሳየው ነገር የለውም። እኛም ከ60 ዓመት በላይ በቴአትርና በቴሌቪዥን ስንሠራ ኖረን፥ ዛሬ በሽምግልናችን ወደ ኋላ ብንመለከት፥ ከሥራችን ተርፎ ያገኘነው በአዳራሹ ሳይሆን በቤታችን ውስጥ መሆኑን ስላስተዋልን፥ ይህንኑ ለአንባቢዎቻችን ልናካፍል ወደድን።

አስቀድመን ስለ ሙያው ክብር ጥቂት እንናገር። በአገራችን በዘመናዊ ሥርዐት የተጻፈው የመጀመሪያው ቴአትር፥ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ሮቹ ዓመታት የደረሱት የአውሬዎች ኮሜዲያ ነው። መኳንንቱ ካዩት በኋላ ግን፥ በአውሬ ተመስሎ የተነገረው ነገር አስተዳደሩን የሚነቅፍ ሆኖ ስለ ተገኘ ታገደ። ቀጥሎም በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ በሚያሰጋበት ወራት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቁሞ፥ ጨዋታውም ዜማውም ሕዝቡን ለነጻነት የሚያነሣሣ ሆነ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው፥ ከሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው ታላቅ አዳራሽ ተመረቀ፤ መክፈቻውም ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው የደረሱት ዳዊትና ኦርዮን ነበረ።

እንግዲህ ድርሰቱን የሚጽፉት ከታላላቆቹ ወገን ሳሉ፥ የሚጫወተው ሰው በብዙ ቤት የተናቀ ነበረ። ይልቁንም ሴት በመድረክ መቆሟ እንደ ነውር ስለሚቈጠር፥ የሴቲቱን ክፍል ወንድ ቀሚስ ለብሶ ይጫወተው ነበር። በኋላ በቴሌቪዥን ለሕፃናት ተረት በመንገር አባባ የተባሉት አቶ ተስፋዬ ሣህሉ እንኳ በወጣትነታቸው የሴት ክፍል ተጫውተዋል። እነ ወይዘሮ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና እነ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ የሰውን አፍ ሳይፈሩ በመውጣታቸው ለኋለኞቹ መንገድ ጠረጉ።

እኛም በ1953 ዓ.ም. የ19 ዓመት ወጣት ሳለን ወደ ቴአትር ቤት ብንገባ፥ አባታችን በዳኝነት የከበሩ ሰው ነበሩና «ከኔ ቤት አዝማሪ ወጣ» ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታችንን አልተቀበሉም። እናታችን ግን በጓሮ በር እያስገቡ ያበሉን ነበር። በሦስተኛው ዓመት አባታችን ሳይነግሩን ትኬት ቈርጠው፥ ከኋለኛው ረድፍ ተቀምጠው አዩን። ያን ማታ የተሰጠን ክፍል የአንድ ሽማግሌ ዳኛ ክፍል ነበረ። ወጣት ሽማግሌን ለመምሰል ጢም መለጠፍና ወገብ ማጕበጥ አይበቃውምና፥ አያታችን ፍርድ ሊሰጡ ሲሉ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፥ አውራ ጣታቸውን በላዩ ቀስ እያሉ ያዞሩ የነበረውን አስታውሰን ይህንኑ አደረግን። አባታችን በማግሥቱ አስጠርተው «አባቴን ከሞቱ ከ15 ዓመት በኋላ ትናንት ማታ አየኋቸው» አሉን እንጂ፥ ስለ ሙያው ክፉም ደግም አልተናገሩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የምንገባው በፊተኛው በር ሆነ።

ከዚህም የተማርነው፥ ተዋናይ የሚጫወተውን ሰው ከባዶ እንደማይፈጥር ነው። የአያቱ እጅ፥ የእናቱ አነጋገር፥ የጎረቤቱ አረማመድ ጎተራው ነው። ስለዚህ ቤቱን የናቀ ሰው መልካም ተዋናይ ሊሆን አይችልም።

በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ በተጀመረ ጊዜ ደግሞ ሌላ ትምህርት ገጠመን። በመድረክ ላይ ድምፅ ከሆድ ወጥቶ እስከ መጨረሻው ረድፍ መድረስ አለበት፤ በካሜራ ፊት ግን ያው ድምፅ ጩኸት ይሆናል፤ ቅንድብም ጥቂት ከፍ ቢል በአዳራሽ ክንድን እንደ ማንሣት ይቈጠራል። ስለዚህ በብዙ ድካም ከለመድነው ግማሹን መተው ነበረብን። ጨዋታውም ያን ጊዜ በቀጥታ ይተላለፍ ስለ ነበረ፥ ቃል የጠፋበት ሰው መመለሻ አልነበረውም።

አንድ ቀን ማታ ታሞ የሚሞት ሰው ሆነን ስንጫወት፥ እናታችን በጎረቤት ቤት ሆነው ያዩን ነበር። ጨዋታ መሆኑን እያወቁ አንጀታቸው አልችል ብሎ፥ «ሄደህ አይተኸው ና» ብለው ታናሽ ወንድማችንን ሰደዱብን። እኛም የፊታችንን ቀለም ሳንታጠብ ሄደን ጕልበታቸውን ብንስም፥ ፊታችንን በእጃቸው ዳስሰው ዝም አሉ። ያ ጨዋታ ስላልተቀረጸ ዛሬ ልየው የሚል ሰው አያገኘውም። ከእኛ ጋር የቀረው የእናታችን እጅ ብቻ ነው።

ስለ ባለቤታችንም ሳንናገር ብናልፍ ግፍ ይሆናል። ተዋናይ ክፍሉን በቃሉ የሚያጠናው በቤቱ ነውና፥ ባለቤታችን ልጅ አዝለው ወጥ እያማሰሉ፥ ንጉሥም ጠላትም ሎሌም ሆነው መልሱን ይሰጡን ነበር። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጐሙትን ኦቴሎን ባጠናንበት ወራት፥ ዴዝዴሞና በየማታው በማድ ቤታችን ትናገር ነበር። ሌላው ሰው በበዓል ማታ ከቤተ ሰቡ ጋር ሲቀመጥ የተዋናይ ሥራ የሚበዛው ያን ጊዜ ስለ ሆነ፥ ልጆቻችን በዓልን በማግሥቱ ማክበር ለምደው አደጉ። ደመወዙም ጥቂት ስለ ነበረ፥ ቤቱን ያቆመው የባለቤታችን ብልሃት ነው። ዛሬ ከ80 ዓመት አልፈን የጥንቱን ቃል ልንናገር ጀምረን ሲጠፋብን፥ ከጓዳ ሆነው የቀረውን የሚሞሉልን እርሳቸው ናቸው። ሕዝብ ለእኛ ብዙ ጊዜ አጨብጭቧል፤ ለእርሳቸው ግን ያጨበጨበ የለም።

አሁን ደግሞ የልጅ ልጃችን በዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበብ ልማር ብላ ስለ ተነሣች፥ ወላጆችዋ ምክር ሊጠይቁን መጡ። እንደዚህ ያለ ጥያቄ የገጠመው ሌላም ቤት አይጠፋምና የሰጠናቸውን ምክር እንጽፋለን። በመጀመሪያ፥ ለሁለት ሰዓት ጨዋታ ብዙ ወር መለማመድን፥ በዳይሬክተር መታረምንም ትችላለች ወይ? ሁለተኛ፥ ጭብጨባው ማታውኑ እንደሚያልቅ ዐውቃ፥ ያለ ጭብጨባ ሥራውን ትወደዋለች ወይ? ሦስተኛው ጥያቄ ግን ለልጂቱ ሳይሆን ለቤተ ሰቡ ነው፤ እናንተስ በዓልን በማግሥቱ ለማክበር ፈቃዳችሁ ነው ወይ?

ለሦስቱም ጥያቄ በልቡ አዎን የሚል ቤት፥ ጎረቤት ምን ይለኛል ብሎ ልጁን በጓሮ በር አያስገባ። መክሮና መርቆ በፊተኛው በር ይሸኝ፤ ማታም ሥራዋን ጨርሳ ስትመለስ በዚያው በር ይቀበላት።