ሰዓቱ አይቆምም፦ ቼስ፣ ሶላትና እኛ የሳሪስ ልጆች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የብሔራዊ ቼስ ሻምፒዮና ውጤት በወጣ ቁጥር እኛ የሳሪስ ልጆች አንድ ስልክ ላይ እንደራረባለን። ዓይናችን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ላይኛው ረድፍ ነው፤ ማን አንደኛ ወጣ? ቀጥሎ የሰፈር ልጅ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ የሙስሊም ስም እንፈልጋለን። ስናገኝ ደስ ይለናል። ግን አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተለናል። አባቶቻችን ከመስጂድ ሲመለሱ ሰሌዳ ላይ አጎንብሰን ሲያዩን «ልጆቼ፣ ይሄ ነገር ግን እንዴት ነው? ይፈቀዳል?» ይሉናል። ዛሬ ጥያቄውን ሳንሸሽ እንነጋገርበት።

ብዙዎቻችን ቼስ ከፈረንጅ የመጣ ይመስለናል። መነሻው ህንድ ነው፤ ወደ ፋርስ ተሻገረ፤ ከዚያ ሙስሊሞች ተቀብለው «ሸጥረንጅ» በሚል ስም አሳደጉት። በዐባሲዮች ዘመን አል-ዐድሊ እና አስ-ሱሊ የተባሉ ጎበዝ ተጫዋቾች ስለ ጨዋታው መጽሐፍ ጽፈዋል። አስ-ሱሊ የተወው አንድ እንቆቅልሽ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ሳይፈታ ቆይቶ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የሶቪየቱ ግራንድ ማስተር ዩሪ አቨርባክ ነው መልሱን ያገኘው።

ወደ ሀገራችንም የገባው ቆይቶ አይደለም። ዛሬ «ሰንጠረዥ» ስንል ወረቀት ላይ የሚሰመር ነገር ይታየናል፤ አያቶቻችን ግን ይጫወቱት ነበር። ስሙ ራሱ ያው «ሸጥረንጅ» ነው። ጠጠሮቹ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደር እና መደቅ ይባሉ ነበር። «ፊል» ሲባል ሱረቱል ፊል ትዝ የማይለው ማን አለ? ያው ዝሆኑ ነው። «መደቅ» ደግሞ ከዐረብኛው «በይደቅ» የመጣ እግረኛ ወታደር ነው። ጨዋታው «ወረራ» በሚባል ክፍል ይጀመራል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። ደስ የሚለው አዳቡ ነው። በጠንካራው በደር ማት ማድረግ ብዙም አያስመሰግንም፤ በትንሹ በመደቅ የተገኘ ድል ግን ይወደሳል።

እንግዲህ ታሪኩ የእኛም ነው። ታሪክ መሆኑ ብቻውን ግን ሐላል አያደርገውም። ወደ ፍርዱ እንምጣ።

ዑለማዎች በዚህ ጉዳይ ተለያይተዋል። ኢማም ማሊክ አጥብቀው ጠልተውታል፤ በሐነፊና በሐንበሊ መዝሀብም የከለከሉት ብዙ ናቸው። በሀገራችን ብዙ ተከታይ ባለው በሻፊዒ መዝሀብ መክሩህ ነው ተብሏል፤ ቁማር ከገባበት ወይም ሶላትን ከወቅቱ ካሳለፈ ግን ሐራም ይሆናል። ልዩነቱ ዛሬም አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 የሳዑዲ ታላቁ ሙፍቲ ቼስ ጊዜና ገንዘብ ያባክናል፣ ጥላቻ ያመጣል ብለው ከለከሉ፤ በታኅሣሥ 2017 ደግሞ የዓለም የፈጣን ቼስ ሻምፒዮና እዚያው ሪያድ ተካሄደ። እኛ ፈትዋ ሰጪዎች አይደለንም፤ የሚያምነውን ዓሊም ይጠይቅ። «መክሩህ ነው» የሚለውን ይዘን የምንጫወት ግን ሁለቱን መስመሮች እንደ ቀልድ ማለፍ አንችልም።

አንደኛው መስመር ቁማር ነው። «እኛ ብር አናስይዝም» እንላለን። «የተሸነፈ ሻይ ይከፍላል» የሚለውስ? በሰፈራችን ስንቱ ጨዋታ በዚህ ይጀመራል! ዛሬ ሻይ፣ ነገ ማኪያቶ፣ ከነገ ወዲያ 50 ብር። በውርርድ ገንዘቡን የሚያስይዘው ወንድማችንም አንድ ቀን ከትንሽ ነገር ነው የጀመረው። አላህ በሱረቱል ማኢዳ ቁማርን ከመጠጥ ጋር አንድ ላይ አስቀምጦ ከልክሎናል። ስለዚህ ሻይ መጋበዝ የፈለገ ጨዋታው ሳይጀመር ይጋብዝ፤ ኒያው ሰደቃ ይሁንለት። የውድድር ሽልማትም ከተጫዋቾች መዋጮ የሚሰበሰብ ከሆነ ከመመዝገባችን በፊት ዓሊም እንጠይቅ።

ሁለተኛው ሶላት ነው፤ ፈተናው ያለው እዚህ ጋ ነው። በረጅሙ ጨዋታ በብዙ ውድድር ለአንድ ተጫዋች 90 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በየእርምጃው 30 ሰከንድ ይጨመራል። 60 እርምጃ የደረሰ ጨዋታ እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል ማለት ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ከተጀመረ አስር ሰሌዳው ላይ እያለን ይገባል፤ ስንነሳ መግሪብ ሊደርስ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ለማንም አይቆምም። ውዱእና አስር 10 ደቂቃ ቢፈጁ ከ90ው ላይ የሚቀነሱ ናቸው፤ እነዚያ 10 ደቂቃዎች ደግሞ በመጨረሻ ጨዋታ ሊያስከፍሉ ይችላሉ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። «አላህ ካለ እናሸንፋለን» እያሉ ሶላትን ማሳለፍ ግን ራስን ማታለል ነው።

መላ ግን አለው። ዝግጅት ይፈልጋል፦

➊ ዳኛውን ከዙሩ በፊት እናናግር። ያለ ዳኛ ፈቃድ ከውድድሩ ስፍራ መውጣት አይቻልም። አስቀድሞ በአክብሮት ለጠየቀ ብዙ ጊዜ ችግር የለም።

➋ የምንነሳው እርምጃችንን አድርገን የባላጋራችን ሰዓት ሲቆጥር ይሁን። ከባድ ቦታ ላይ ከሆነ እሱም 10 ደቂቃ ያስባል።

➌ ስልካችን ከእኛ ጋር አይግባ። የአዛን አፕ ኪሳችን ውስጥ ቢጮህ ጨዋታው በሽንፈት ይመዘገብብናል። የሶላቱን ወቅት ወረቀት ላይ ጽፎ መያዝ ይበቃል።

➍ ጁሙዓን የሚነካ ዙር ካለ ከምዝገባው በፊት በአንድነትና በጽሑፍ እንጠይቅ። በብዙ ውድድሮች ደንቡ ከፈቀደ አንድን ዙር በግማሽ ነጥብ ማለፍ ይቻላል። ግማሽ ነጥብ ለጁሙዓ ከበዛብን ችግሩ ያለው ሰሌዳው ላይ አይደለም።

ይህን ሁሉ ስንል «ሙስሊም ከሆንክ ወደ ኋላ ቅር» ማለታችን አይደለም። ግብፃዊው አሕመድ ዐድሊ እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮን ሆኗል። የሀገሩ ልጅ ባሲም አሚን ሐኪም ነው፤ ሕክምናውን ተምሮ ከአፍሪካ አንደኛ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ። የኡዝቤኪስታኑ ኖዲርቤክ አብዱሳቶሮቭ በ2021 በ17 ዓመቱ የዓለም ፈጣን ቼስ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2022 ደግሞ ሀገሩ በቼናይ የቼስ ኦሊምፒያድ ወርቅ ወሰደች። የተማረ፣ የለፋ፣ ጊዜውን የቆጠረ ሰው ይደርሳል።

አሁን ወደ ውጤት ሰንጠረዡ እንመለስ። በእንዲህ ዓይነት ውድድር ተሸንፎ የሚወጣ የለም፤ ማሸነፍ 1፣ እኩል መውጣት ግማሽ፣ መሸነፍ ዜሮ እየተባለ ሁሉም እስከ መጨረሻው ዙር ይቀመጣል። ስለዚህ ከላይኛው ረድፍ ወረድ ብለን እናንብብ። በመጀመሪያ ሦስት ዙር ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ያገኘ፣ በአራተኛው ግን መጥቶ የተቀመጠ ልጅ አለ። እሱ ነው ሰብርን የሚያስተምረን። ያቺ ብቻዋን መጥታ ከማታውቃቸው መካከል ተቀምጣ ግማሽ ነጥብ ያገኘች እህታችንም አለች። ሻምፒዮኑን እናመስግን፤ እነዚህን ግን ሰፈር ሲመለሱ «ስንተኛ ወጣህ?» ብለን አናሸማቅቃቸው።

ሰሌዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲያልቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ የዕድሜያችን ሰዓት ግን የቀረው አይታይም። አላህ በዘመን የማለባትን ሱረቱል ዐስርን በየቀኑ እንቀራለን። እስኪ አንድ ጊዜ ሰሌዳው ፊት ተቀምጠን እናስታውሳት።

አላህ ጊዜያችንን ይባርክልን፤ ጨዋታችንን ከቁማር፣ ሶላታችንን ከመዘናጋት ይጠብቅልን። ለውድድር ለሚዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች ሁሉ ተውፊቁን ይስጣቸው። አሚን!

ወላሁ አዕለም።

በየሰፈራችሁ የምትጫወቱ ሶላትን ከውድድር ጋር እንዴት እንደምታስኬዱ ጻፉልን፤ ላልሰሙትም አድርሱ።