ፊቷ የደረቀው በመንፈስ ነው ወይስ በከሰል?

እጁ እየተንቀጠቀጠ ሲኒ የሚደፋ፣ አንገቱ ወደ አንድ ወገን የተጣመመ፣ ፊቱ ደርቆ ሳቅም ቁጣም የማይታይበት፣ ወይም ደጃፍ ላይ ደርሶ እግሩ መሬት የያዘው ይመስል ቆሞ የሚቀር ሰው ያላየ ማን አለ? ሁላችንም አይተናል። አይተን ግን ምን እንላለን? «ቡዳ በልቶት ነው!»፣ «የአባቱ እርግማን ነው!»፣ «ሲጠጣ ኖሮ ነው!»፣ «ኧረ ስንፍና ነው!»… ለሰውየው የምንሰጠው ስም ሞልቶናል። ለበሽታው ብቻ ስም የለንም።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የቦምቤ ልጅ ነኝ፤ ያውም የወላይታዋ ቦምቤ። በቤተሰባችን ውስጥ የደረሰ አንድ ነገር ግን ሐኪም እንድጠይቅ፣ መጽሐፍ እንዳገላብጥ አድርጎኛል። ያገኘሁትን ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ ደግሞ ነውር መስሎ ታየኝ። ምክንያቱም ነገሩ የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማንደጃ ያለበት ቤት ሁሉ፣ አራስ ያለበት ቤት ሁሉ ጉዳይ ነው።

አንጎል ውስጥ ያለው አጋፋሪ

ከአንጎላችን ውስጥ ጠለቅ ብሎ፣ በግራም በቀኝም በኩል፣ እንደ ዘለላ የተሰባሰቡ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ሐኪሞች «ባዛል ጋንግሊያ» ይሏቸዋል። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ሥራው እንደ ሠርግ አጋፋሪ ነው። አጋፋሪ ምን ይሠራል? የተጠራውን እንግዳ ያስገባል፣ ያልተጠራውን ይመልሳል፣ ወንበር ያሲዛል። ባዛል ጋንግሊያም እንደዚሁ ነው። እጃችንን ለማንሳት ስናስብ የምንፈልገውን እንቅስቃሴ ያሳልፋል፣ የማንፈልገውን ይይዛል።

እንግዲህ ይህ አጋፋሪ ሲጎዳ ከሁለት አንዱ ይደርሳል። ወይ በሩ ተዘግቶ የተጠራውም እንግዳ ደጅ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ይንቀራፈፋል፣ ሰውነቱ ይገትራል፣ ፊቱ ይደርቃል፣ ድምፁ ይሰልላል፣ ጽሑፉ እያነሰ ይሄዳል፣ እርምጃው ይጎተታል። ወይ ደግሞ በሩ ወለል ብሎ ያልተጠራው ሁሉ ይገባል፤ ያን ጊዜ እጅና እግር ሳይታዘዙ ይወራጫሉ፣ አንገት ይጣመማል፣ ፊት ይቆራመዳል። ጉዳቱ በአንጎል ግራ በኩል ብቻ ከሆነ ምልክቱ የሚታየው በቀኝ እጅና እግር ነው፤ በቀኝ ከሆነ ደግሞ በግራ።

ሌላም አለ፤ ብዙ ሰው የማያስተውለው። አጋፋሪው ፍላጎትንም ነው የሚነካው። ታማሚው ተነስ ካላሉት አይነሳም፣ ብላ ካላሉት አይበላም፣ ልጁ ሲያለቅስ እየሰማ ቁጭ ይላል። እንቢተኛ ሆኖ አይደለም። ጨክኖም አይደለም። «ተነስ» የሚለው ትእዛዝ ከውስጡ አልወጣ ብሎት ነው። ትዳር የሚፈርሰው፣ ቤተሰብ የሚቀያየመው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ቤት ነገር

የአክስቴ ልጅ ናት። ቦምቤ ከተማ ውስጥ ነው የምትኖረው። ነሐሴ ላይ የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ተገላገለች። የነሐሴን ዝናብና ብርድ የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ቤቱ ቆርቆሮ ክዳን፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ከላይ ኮርኒስ ያለው ነው። አራስን ብርድ እንዳይመታት፣ ምችም እንዳያገኛት ተብሎ መስኮቱ ተዘጋ፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ተወተፈ። ማንደጃው ላይ ፍም የሆነ ከሰል ተደርጎ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ።

ደግነቱ አማቷ ሕፃኑን ሊያጥቡት ወደ ሌላው ክፍል ይዘውት ወጥተው ነበር። ሲመለሱ እናትየዋ ራሷን ስታ አገኟት። ጩኸት ሆነ፣ ጎረቤት ደረሰ፣ በሩ ተከፈተ፣ ጤና ጣቢያ ተወሰደች፣ ኦክስጅን ተሰጣት፣ ነቃች። በሁለተኛው ቀን ቤቷ ገባች። ቡና ተፈላ፣ ምስጋና ቀረበ፣ ነገሩም ተረሳ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥሎ ፊቷ ደረቀ። ሕፃኑን ታቅፋ ቆማ ወዴት መሄድ እንዳለባት የጠፋት ትመስላለች። ጉርሻ አፏ ውስጥ ይቆያል፤ አትውጠውም። ሽንቷንም መቆጣጠር አቃታት። እኔ ለጊፋታ በዓል ከአዲስ አበባ ስገባ ቤቱ በሽማግሌ ተሞልቶ ነበር የደረስኩት። አንዱ «የአራስ መንፈስ ነው» ይላል። ሌላው «ባሏን ጠልታ የምታደርገው ነው» ይላል። ከሁሉ የከበደው ግን ባልየው «እንዲህ ሆና አብረን መኖር አንችልም፤ ወደ አባቷ ቤት ትሂድልኝ» ብሎ ሽማግሌ መላኩ ነበር። እሷ እዚያው ተቀምጣ ትሰማለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ዓይኗ ግን እንባ ይዞ ነበር።

ከሁለት ቀን ክርክር በኋላ ሶዶ ወሰድናት። ሐኪሙ ብዙ አላወራም። «ባለፈው ወር ከሰል አፍኗት ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ተያየን። ሲቲ ስካን ተነሳች። ከአንጎሏ ውስጥ በግራና በቀኝ፣ ትይዩ ሆነው፣ ሁለት ጠቆር ያሉ ነጥቦች ታዩ። ፓሊደም የሚባለው የባዛል ጋንግሊያ ክፍል መሆኑን አስረዳን። የአራስ መንፈሱ ያ ነበር!

ከሰል ምን ያደርጋል?

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። «ጭሱ አልቆ ፍም ሆኗል፤ አሁን ቢገባ ምን አለበት» የሚለው አባባል ሰው ጨራሽ ነው። ጭስ የማይታይበት ቀይ ፍም ጋዙን እየለቀቀ ነው። ይህ ጋዝ ከደማችን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ኦክስጅን ይራባል። ኦክስጅን ሲጠፋ አንጎል ውስጥ ቶሎ ከሚጎዱት ቦታዎች አንዱ ያ አጋፋሪው ነው።

ክፋቱ ደግሞ ይህ ነው፦ ታፍኖ የዳነ ሰው ጤነኛ መስሎ ከጥቂት ቀናት እስከ 40 ቀን ገደማ ከቆየ በኋላ ሊወድቅ ይችላል። በዚያን ጊዜ ከሰሉን ማን ያስታውሳል? መንፈሱ፣ ቡዳው፣ ምቀኛው ነው የሚታወሰው።

የድሮው የወላይታ ሣር ቤት ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ ለሳንባም ደግ አይደለም። ግን በሣሩ መካከል ይተነፍሳል። በቆርቆሮ፣ በሲሚንቶና በኮርኒስ የታሸገው አዲሱ ቤታችን አይተነፍስም። ቤታችንን ለወጥን፤ ማንደጃውን ግን ይዘነው ገባን።

አራስ ቤት ውስጥ ሌላም አደጋ አለ

ሐኪሙ ሕፃኑንም ወደ መስኮት አቅርቦ በብርሃን አየው። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። አዲስ የተወለደ ልጅ ቆዳው ቢጫ የሚሆነው ቢሊሩቢን የሚባል ነገር በደሙ ውስጥ ሲበዛ ነው። በመጠኑ ሲሆን የብዙ ሕፃናት ነገር ነው፤ ያልፋል። ከልክ ሲያልፍ ግን አንጎል ውስጥ ገብቶ ያንኑ ባዛል ጋንግሊያን ያቃጥላል። ልጁ ቢተርፍ እንኳ እጅ እግሩ እየተጠማዘዘ፣ ጆሮው እየደነቆረ ሊያድግ ይችላል። ሰፈር ደግሞ «እናቱ ምን በድላ ነው?» ይላል።

በጨለማ አራስ ቤት ውስጥ ቢጫነት እንዴት ይታያል? ስለዚህ ሕፃኑን በየቀኑ በቀን ብርሃን እዩት። ግንባሩን በጣት ጫን አድርጋችሁ ስትለቁ ቢጫ ከሆነ ለጤና ባለሙያ አሳዩ። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ መዳፉና የእግሩ ጫማ ከቀላወጠው፣ ጡት እንቢ ካለ፣ ከደነዘዘ ወይም ወደ ኋላ እየተለጠጠ በቀጭን ድምፅ ካለቀሰ አንድ ሰዓት አትጠብቁ። የጠዋት ፀሐይ ማሞቅ የሆስፒታሉን የብርሃን ሕክምና አይተካም።

ሌሎቹ ምክንያቶች

አጋፋሪውን የሚጎዳው ከሰልና ቢጫነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የደም ግፊት ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ከዚያ አካባቢ ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይዘጋሉ ወይም ይፈነዳሉ። የስኳር በሽታ ከልክ ሲያልፍ በአንድ በኩል ያለ እጅና እግር በድንገት መወራጨት ሊጀምር ይችላል። ኤች አይ ቪ ኖሮበት ሕክምና ያልጀመረ ወይም ያቋረጠ ሰው ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሐዋስ እዚያው ቦታ ላይ ሊሰፍርበት ይችላል፤ ይህ በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። በሜታኖል የተበከለ መጠጥ ዓይን ያጠፋል፤ ከዚያም አልፎ ባዛል ጋንግሊያን ይበላል።

የልጆች ጉሮሮ ሕመምስ? እኛ አገር ልጅ ጉሮሮውን ሲታመም እንጥሉን ማስቆረጥ ይቀናናል። በባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በመድኃኒት ሳይታከም ሲቀር የልብ በሽታ እንደሚያመጣ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ከወራት በኋላ ግን የልጁን እጅ፣ እግርና ፊት ያለፈቃዱ ሊያወራጨውም ይችላል። ትምህርት ቤት «ተቁነጠነጥክ» ተብሎ ይገረፋል። ይህን ያየ ወላጅ የልጁን ልብም ማስመርመር አለበት።

አንዳንድ መድኃኒቶችም አሉ። ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙ አንዳንዶቹ፣ ትውከት ለማቆም የሚሰጠው ፕላሲልም ጭምር፣ አንጎሉን ሳያቆስሉ የአጋፋሪውን ሥራ ሊያውኩ ይችላሉ። ምላስ ወይም አንገት በድንገት ከተጣመመ ለሐኪሙ መንገር ነው እንጂ በራስ ፈቃድ መድኃኒት ማቆም ሌላ መዘዝ ያመጣል። በዘር የሚወረሱም አሉ። ዊልሰን የሚባለው በሽታ መዳብ በጉበትና በአንጎል ውስጥ ሲጠራቀም ወጣቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ ቶሎ ከታወቀ ግን መድኃኒት አለው።

ከሁሉም የታወቀው ፓርኪንሰን ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ስለጻፈበት በስሙ ተጠራ። ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመነጩት ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ የሚመጣ ነው። በሐምሌ 1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ ችቦውን በሚንቀጠቀጥ እጁ የለኮሰው ዝነኛ አሜሪካዊ ቦክሰኛ ትዝ ይላችኋል? የእኛዋ ጀግና ማራቶኑን ባሸነፈችበት ኦሊምፒክ! እሱን ያንቀጠቀጠው ይኸው በሽታ ነበር። ያን ሌሊት ማንም «ቡዳ በላው» አላለም፤ ዓለም ቆሞ አጨበጨበለት። የእኛ አባት ሲንቀጠቀጡስ ለምን እንደብቃቸዋለን?

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የምትሉ ካላችሁ ደግሞ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ፣ በቡታጅራ አካባቢ በመስቃንና ማረቆ ገጠር 60,820 ሰዎችን የሸፈነ ጥናት ፓርኪንሰንን ከ100,000 ሰው በ7ቱ ላይ አግኝቷል። በሽታው የሚበዛው በዕድሜ በገፉት ላይ ስለሆነ ወጣት በበዛበት አገር ቁጥሩ ማነሱ አይገርምም። ግን ገጠራችን ውስጥ አለ። ሌቮዶፓ የሚባለው መድኃኒት በሽታውን ባያጠፋም ብዙዎችን አቁሞ ያስኬዳል። አዲስ አበባ ውስጥም የፓርኪንሰን ሕሙማንን የሚረዳ አገር በቀል ድርጅት አለ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በከሰል ለተጎዳ ሰው ሌቮዶፓ ብዙም አይረዳም። ጊዜ፣ እንቅስቃሴ፣ በጥንቃቄ ማጉረስ፣ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ነው መድኃኒቱ። ብዙዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሻላቸዋል። የእኛዋ በስድስተኛው ወር ልጇን በስሙ ጠራችው። እጇ ዛሬም ቀርፋፋ ነው። ባልየው ግን የሲቲ ስካኑን ነገር በጆሮው ከሰማ በኋላ ሽማግሌዎቹን መልሷል፤ አሁን የሚያጎርሳት እሱ ነው። የሁለት ነጥብ ፎቶ አንድ ትዳር አዳነ ማለት ነው።

ጸሎቱ ይቀጥል፣ ጠበሉም ይቀጥል፤ ማንም አልከለከለም። ሕክምናው ግን አይቅር። ማንደጃ ከሰው ጋር ክፍል ውስጥ አይደር። ብርድ ከሆነ ብርድ ልብስ ጨምሩ። ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው፣ ካቅለሸለሻቸው በሩን ከፍታችሁ ውጡ። የታፈነውን ሰው ወተት ወይም ሎሚ ስታጠጡ ጊዜ አታጥፉ፤ የሚያስፈልገው ንጹሕ አየርና ኦክስጅን ነው። ከዳነ በኋላም ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ፣ 40 ቀን በዓይናችሁ ጠብቁት። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትናገሩት ያንን ቀን ይሁን።

እጅና እግር፣ ፊት ወይም አፍ በድንገት ወደ አንድ ወገን ከሰነፈ ወይም መወራጨት ከጀመረ ነገ አትበሉ። ቀስ በቀስ የመጣ መንቀጥቀጥና መንቀራፈፍም ቢሆን ለእርጅና ብቻ አትስጡት።

እስቲ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፦ ማንደጃው የት እንዳለ እዩ። ቸር ያሰንብተን።