ደም የሌለበት ግጥሚያ

ጀግንነት ምን እንደ ሆነ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚመልሰው በፈሰሰው ደም ልክ ነው። ማን ጣለ፣ ማንስ ወደቀ ተብሎ ይቈጠራል፤ የጣለው ይፎክራል፣ የወደቀውም ይለቀስለታል። ዳሩ ግን ከጥንት ጀምሮ በልዩ ልዩ ሀገር ፈረሰኞች ለመግደል ሳይሆን ለመቅረብ፣ ለማቍሰል ሳይሆን ለመፈተን የሚገጥሙበት ጨዋታ አለ። ይህ ጨዋታ ዐይን የሚያስደስት መዝናኛ ብቻ ነውን? ወይስ ለሰው ጠባይ የሚረባ ትምህርት አለበት? ይህን ለመመርመር የመተማን ቆላ ያህል የሚስማማ ስፍራ ጥቂት ነው፤ በዚያ ፈረስም፣ ደምም፣ ድንበርም በአንድነት ይታሰባሉና።

መተማ ከጎንደር በስተ ምዕራብ በሱዳን ወሰን ላይ ያለች ቆላ ናት። ሰሊጥና ጥጥ ይበቅልባታል፤ ከዛፎቿም ዕጣን ይለቀማል። ከወሰኑ ማዶ ያለችው የሱዳን ከተማ ገላባት ትባላለች። ነጋዴውም፣ ከብት ነጂውም፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ጎልማሳም ይገናኙባታል። ስሟ በታሪክ የጸናው ግን በንግድ አይደለም። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በደምቢያ ሳር ውሃ ላይ በድርቡሾች ድል ሆኑ፤ ጎንደር ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷም ተቃጠሉ። በሚከተለው ዓመት፣ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ገጠሙ። ሠራዊታቸው የጠላትን የእሾህ ቅጥር ጥሶ ድሉን ሊጨብጥ በተቃረበበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቈስለው በማግሥቱ ዐረፉ፤ ዐስከሬናቸውም በጠላት እጅ ወድቆ ራሳቸው ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከሁለቱም ወገን የወደቀው ሰው እጅግ ብዙ ነበር። የድንበሩ ከተማ ዛሬም መተማ ዮሐንስ ተብላ በስማቸው ትጠራለች።

ንጉሠ ነገሥቱ በፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ ይባሉ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላም አባ ነጋ እንደ ተባሉ ሁሉ፣ የቀድሞ ሰው ጀግናውን የሚጠራው በሚቀመጥበት ፈረስ ስም ነበር። በዚህ ልማድ ውስጥ አንድ የተሰወረ ቁም ነገር አለ፤ ሰውየው ክብሩን ብቻውን እንዳላገኘው፣ እንስሳው ከእርሱ ጋር እንደ ተካፈለው በአደባባይ የሚመሰክር ነውና።

ይሁን እንጂ የመተማ ቆላ ለፈረስ አይመችም። ጥቃቅን ተናካሽ ትንኞች የሚያዛምቱት የፈረስ በሽታ፣ ዝናብ ዘንቦ በሚያባራበት ወራት ቆላ ላይ የተገኘውን ፈረስ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጥለዋል። ስለዚህ በፈረስ የሚመካው ሰው መኖሪያው ደጋው ነው፤ ወደ ቆላ ሲወርድም በበጋ ወርዶ ክረምቱ ሳይገባ መመለስን ይመርጣል።

ቢሆንም በዚያው የምዕራብ ቆላ፣ ከመተማ በስተ ሰሜን፣ ተከዜ ሰቲት ተብሎ በሚጠራበት በረሓ፣ በፈረሰኝነታቸው የታወቁ ሐምራን የሚባሉ ዐረቦች ነበሩ። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በፈረንጅ አቈጣጠር በ1861 ዓ.ም. ወደ እነርሱ ደርሶ፣ ዝሆንን በሰይፍ ብቻ ሲያድኑ አይቶ ጽፏል። አንደኛው ፈረሰኛ ወደ ዝሆኑ ፊት ቀርቦ ያስቈጣዋል፤ ዝሆኑም ሲያባርረው በጥቂት ክንድ ብቻ ቀድሞት ይሸሻል። በዚያን ጊዜ ሌላው ከኋላ ደርሶ፣ ከፈረሱ ዘሎ ወርዶ፣ የዝሆኑን የኋላ እግር ጅማት በሰይፍ ይቈርጣል። ከእነዚያ አዳኞች መካከል ዝሆኑን በማስቈጣት የተመሰገነው አንድ ክንዱ የሰለለ ሰው ነበር። እንግዲህ ልብ ብሎ ለሚያይ፣ ከዚያ አደን ውስጥ ከሁሉ የከበደው ሥራ የሰይፉ ምት አልነበረም፤ ያለ መሣሪያ ቀርቦ ቍጣን መሸከም ነበር እንጂ።

ይህን የመቅረብ ጥበብ ከመግደል ለይተው ለማስቀረት የሞከሩ ሕዝቦች አሉ። ፖርቱጋሎች፣ እነዚያ አራት መቶ ወታደሮቻቸው በክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ መሪነት በ1533 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የገቡት፣ በሀገራቸው በፈረስ ተቀምጠው ከኮርማ ጋር ይገጥማሉ። የኮርማው ቀንድ በቆዳ ይሸፈናል፤ ፈረሰኛው ከተዋጋ በኋላም ስምንት ሰዎች በተራ ተሰልፈው ባዶ እጃቸውን ኮርማውን ይይዙታል። ኮርማውን በአደባባይ መግደል በፈረንጅ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. ተከለከለ። ዳሩ ግን በጫንቃው ላይ የሚሰካው የተሾለ ዘንግ ደም ማፍሰሱ አልቀረም። ከእነርሱ ወገን ወደ አሜሪካ ተሰድደው በካሊፎርንያ ከብት በማርባት የኖሩት፣ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1957 ዓ.ም. የወጣው የአገሩ ሕግ የኮርማ ውጊያን ሲከለክል፣ ከሃይማኖት በዓል ጋር ተያይዞ የሚደረገውን ደም የሌለበትን ግጥሚያ ብቻ ስለ ፈቀደ፣ ሌላ ብልሃት አገኙ። በኮርማው ጫንቃ ላይ ተለጣፊ ጨርቅ ያስሩለታል፤ የፈረሰኛውም ዘንግ ጫፉ ስለት የሌለው ሆኖ በዚያ ጨርቅ ላይ ይጣበቃል። ፈረሱ ይሽከረከራል፤ ኮርማው ይንደረደራል፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ወደ ማታም ኮርማው በእግሩ ወደ በረቱ ይመለሳል።

ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፍጹም አይደለም። ኮርማው ወደ ሜዳው የገባው ፈቅዶ አይደለምና። ደግሞም እጁን የከለከለው ሕጉና ጨርቁ ነው፤ ፈረሰኛው ልቡ ጨካኝ ቢሆን እንኳ ስለት የሌለው ዘንግ ምን ያደርጋል?

በኢትዮጵያ ደጋ ያለው የፈረስ ጉግስ ግን ከዚህ ይለያል። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ ጦር በመያዝ ፈንታ የእንጨት ዘንግ፣ በክንዳቸውም የቆዳ ጋሻ ይይዛሉ። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል፤ አባራሪው ዘንጉን ይወረውራል፣ ሸሺውም ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል፤ ቀጥሎም አባራሪው በተራው ሸሺ ይሆናል። ሁለቱም ፈቅደው የገቡ ናቸው። ዘንጉ እውነተኛ እንጨት ነው፤ ክንድ ያለው ሰው ቢወረውረው ዐይን ሊያጠፋ፣ ጥርስ ሊያወልቅ ይችላል። በሰውየውና በደም መካከል ያለው የራሱ ልብና የተመልካቹ ሕዝብ ይሉኝታ ብቻ ነው። ስለዚህም ጉግስ ከፍ ያለ ፈተና ነው።

ይህን ፈተና ጠብቀው ካቈዩት ወገኖች ዋነኞቹ የአዊ አገዎች ናቸው። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በዐድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር ነው። በዓሉም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በወርኃዊው የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ዕለት፣ በእንጅባራ ይከበራል። ፈረሶቹ በየዐይነቱ ጌጥ አጊጠው ይወጣሉ፤ ጉግሱና ግልቢያውም ይታያል። በዐድዋ ደም ያፈሰሰውን ፈረሰኝነት፣ ደም በማያፈስ ጨዋታ መዘከራቸው ማስተዋል ያለበት ሥራ ነው።

ከእነዚህ ፈረሰኞች አንዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ ጕልበታቸው ከደከመ በኋላ ልጃቸው ሰሊጥ ወደሚያርስበት ወደ መተማ ቆላ ወረዱ። ፈረሳቸውን ግን አላወረዱትም፤ ቆላው እንደሚገድለው ያውቃሉና። በዚያ ሰሞን የልጅ ልጃቸው ከጎረቤቱ ጋር በእርሻ ወሰን ተጣልቶ ነበር። ባልንጀሮቹም «ዝም ካልክማ ነገ ቤትህንም ይወስደዋል» እያሉ ያነሣሡት ነበር። ልጁም አንድ ሌሊት ሳይተኛ አደረ። ሽማግሌው ይህን አይተው ከግንባራቸው በላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩት።

«ይህን ታየዋለህ ልጄ? በጉግስ ላይ ነው። ሰውየው ጋሻዬን ትቶ ፊቴን መታኝ፤ ሆነ ብሎ ነው። ዓመት ሙሉ ያቺን ቀን ስጠብቅ ኖርሁ። በዓመቱ ተገናኘን፤ የኮርቻው ማሰሪያ ላልቶበት ሲያዘነብል ጋሻው ከክንዱ ወደቀ። ጀርባው ባዶ ሆኖ ከፊቴ ነበር፤ ዘንጌም በእጄ ነበር።»

«ከዚያስ አባባ?»

«ዘንጌን በጀርባው ትክክል ከፍ አድርጌ ሜዳውን ሙሉ አባረርሁት፤ እርሱም እንደምመታው ዐውቆ ዐንገቱን ቀብሮ ነበር። ከሜዳው ጫፍ ስንደርስ ዘንጌን ዝቅ አድርጌ በአጠገቡ አለፍሁ። ሕዝቡ እልል አለ። ማታውኑ ድንጋይ ተሸክሞ ከደጄ መጣ።»

«ቢመቱትስ ኖሮ?»

«እርሱ ይቈስል ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ ጋሻዬን ከክንዴ አላወርድም ነበር። ሲሞት የቀበርሁት እኔ ነኝ ልጄ።»

ልጁ የመለሰው ቃል የለም። በማግሥቱ ግን ባልንጀሮቹን ትቶ፣ ሁለት የሀገር ሽማግሎች ይዞ ወደ እርሻው ሄደ። ወሰኑ እንደ ገና ሲለካ ጥቂት ትልም ከእርሱ ወደ ጎረቤቱ አለፈ። ባልንጀሮቹም ሳቁበት። ሰላም ያለ ዋጋ እንደማይገኝ የሚያስረዳው ይህ ነው፤ ልጁ የከፈለው ሰሊጥና ሣቅ ነበር፤ ሊከፍለው የነበረው ግን ሕይወት፣ ከዚያም በኋላ ደም መላሽና ተመላሽ ሆኖ የሚወርድ የትውልድ ዕዳ ነበር።

በመተማ የሚኖር ሰው የደምን ዋጋ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ብዙ ሺህ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው በዚያው ወሰን ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። በ1881 ዓ.ም. ሁለት ሠራዊት የተላለቀባት ምድር፣ ከጦርነት ለሸሸ ሰው መሻገሪያ ሆነች። ትናንት ጠላት የተባለው ወገን የልጅ ልጅ፣ ዛሬ ውሃ ለምኖ ከደጅ ሊቆም እንደሚችል የሚያስብ ሰው ስንት ነው?

ምናልባት አንድ ሰው፣ የጨዋታ ትዕግሥት በእውነተኛው ጠብ ጊዜ ምን ይረዳል ይል ይሆናል። መልሱ እነሆ፤ እጅ የሚታዘዘው የለመደውን ነው። ዐፄ ዮሐንስና ሠራዊታቸው ጎንደርን ካቃጠለ ጠላት ጋር የገጠሙት በግድ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቀን ለሀገር ይመጣል፤ በዚያን ቀንም ክንድ ያለው ሰው ያስፈልጋል። ነገር ግን ሰው በሕይወቱ ከሚያገኘው ጠብ የሚበዛው የመተማው ጦርነት ዐይነት አይደለም፤ የትልም፣ የቃልና የኩራት ጠብ ነው። ለእንዲህ ያለው ጠብ በሜዳው ላይ ዘንጉን ከፍ አድርጎ ዝቅ ማድረግን የተማረ ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። መምታት ያልቻለ ሰው ቢተው ድካሙ ነው፤ መምታት ሲችል የተወ ግን እርሱ ጀግና ነው።